የአባ ነብሮ ግዳይ

አባቴ ነብር አልገደለም። ይህን አፌን ሞልቼ ለማለት ሃያ አምስት ዓመት ፈጅቶብኛልና አንዴ ልድገመው። አባቴ ሞገስ፣ ከጋሳይ እስከ አፋፍ ሚካኤል ልጅ አዋቂው አባ ነብሮ እያለ ሲጠራው የኖረው ሰውዬ፣ ነብር አልገደለም።

በእኛ አገር ነብር የገደለ ሰው እንደ ሌላው ሰው ገብቶ አይወጣም። ሰርግ ሲጠራ ከመደቡ ራስ ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። ሁለት ጎረቤቶች በድንበር ሲጣሉ የእሱ ቃል ይቀድማል። ሲሞት አልቃሿ ነብሩን ከስሙ ጋር አያይዛ ታወርዳለች። ለዚህ ሁሉ ግን ደንብ አለው። ነብሩን ፊት ለፊት ገጥሞ በጦር ወይም በጥይት መጣል አለበት። ከዚያ ቆዳውን ተሸክሞ ይመጣና ሽማግሌዎች እግር ሥር ጥሎ ይፎክራል፤ እናቱ ወይም ሚስቱ አናቱን ቅቤ ትቀባዋለች። ግዳይ መጣል የሚባለው ይኸ ነው። በወጥመድ የያዘ ገዳይ አይባልም። በመርዝ የገደለማ ስሙም አይነሣ፤ ጥንብ ጎታች ነው።

አባቴ በ1985 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ግዳይ ጣለ፣ ፎከረ፣ እናቴ ቅቤ ቀባችው። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ቅቤው ቀልጦ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ። ልጆች ሃያ አምስት ዓመት እንዲህ እያሉ ዘፈኑለት፦

የአፋፍን ነብር ሲፈራው አገሩ፣
ሞገስ ብቻ ሄዶ ገደለው በጦሩ።

በጦሩ ይሉ ነበር። የሆነውን እኔ ልናገር።

በዚያ ዓመት ነብሩ የጎረቤታችንን የጌጡን ሁለት ፍየሎች በላ። ጎበዞቹ ጦርና ጠብመንጃ ይዘው ሦስት ቀን ደኑን ሲዞሩ ዋሉ፤ አንዳቸውም ጭራውን እንኳ አላዩም። በአራተኛው ቀን አባቴ ከከተማ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዞ መጣ። የክርስትና እናቴ የሰጠችኝ ነጭ ፍየል ነበረችኝ፤ እሷን አረዳት። እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ሥጋዋን ይበጣና በየብጣቱ ውስጥ ከቋጠሮው ያወጣውን ነጭ ዱቄት በእንጨት ይሞላ ጀመር። ፍየሌን ምን እያደረጋት እንደሆነ ብጠይቀው፣ "ለጅብ ነው፤ ሂጂ ውኃሽን ቅጂ" አለኝ። ከወንዙ ማዶ ካለው ትልቅ ጽድ ሥር ወስዶ ጣላት።

በማግስቱ ጠዋት ውኃ ልቀዳ ወረድኩ። ነብሩ ከጽዱ ሥር በጎኑ ተጋድሟል። ምላሱ ወጥቶ አረፋ ደፍቋል፤ መሬቱን በጥፍሩ ምሶታል። ከአጠገቡ ሁለት ጥንብ አንሣዎችና የእኛው ውሻ ሞተው ተዘርረዋል። አባቴ ጦሩን ይዞ ቆሟል። የሞተውን አውሬ አንገቱ ላይ ወጋው። ደም እንኳ በወጉ አልወጣም። ዞር ሲል አየኝ።

"አየሽ?"

"አላየሁም።"

"ጎሽ፣ የኔ ልጅ።"

በሕይወቴ ጎሽ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ውሻውንና ወፎቹን ጉድጓድ ምሶ ቀበራቸው፤ ነብሩን ገፈፈው፤ ከዚያ ሄዶ ፎከረ። ቄስ ማሩ፣ የአፋፍ ሚካኤል ቄሰ ገበዝ፣ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ነበር። "የሚካኤልን ዘበኛ ገደላችሁት" አሉ። ማንም አልሰማቸውም።

እኛ ግን ዘበኛው ማን እንደነበር ዓመት ሳይሞላ አወቅነው። ከአፋፍ ሚካኤል በታች ገደል አለ፤ ገደሉ የዝንጀሮ ቤት ነው። ነብሩ እያለ በየጊዜው ከመካከላቸው አንዱን እያነሣ ይሄድ ስለነበር መንጋው ፀሐይ ሳይሞቅ ከገደሉ አይወጣም፣ ጥላ ሳይረዝም ይመለሳል፣ ከደኑ አጠገብማ ድርሽ አይልም። ነብሩ ከሞተ በኋላ በመጣው መኸር ዝንጀሮ ገብሳችን መካከል ቁጭ ብሎ እንደ ባለ ርስት ይፈለፍል ጀመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ነብሩን ሲፈሩ የነበሩት ጎበዞች ያኔ ዝንጀሮ ላይ መጮህ ጀመሩ። ዝንጀሮ ጩኸት ምን ገዶት።

ስለዚህ ጠባቂ ተፈለገ። ወንዶቹ ያርሳሉ። ታላቅ ወንድሜ ተስፋነህ ወንድ ልጅ ነው፤ ይማራል። ማማ ላይ ማን ይውጣ? ፈንታነሽ ትውጣ። ፈንታነሽ እኔ ነኝ።

አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ከክፍላችን ሁለተኛ ወጥቼ ነበር። ደብተሬን ይዤ ማማ ላይ ወጣሁ፤ የነሐሴ ዝናብ በላው። ስድስት መኸር እዚያ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዤ ዋልኩ። ዝንጀሮ ሴትን አይፈራም፤ ይህን የማያውቅ ካለ ይወቀው። ወንዱ ዝንጀሮ ድንጋይ ስትወረውሪበት ቀና ብሎ ያይሽና ሴት መሆንሽን ሲያውቅ ወደ አንቺ ይመጣል። ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ የምጣድ አይደለም፣ የእሱ ጥርስ ነው። በዚያ ዘመን ከአፋፍ ሚካኤል ሴቶች ልጆች ስምንተኛ ክፍል የደረሰች አንዲትም የለችም። ሁላችንም በየማማው ላይ ነበርን። ጠዋት ከማማ ማማ እንጠራራለን፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ዝም። አባቴ ግን ከታች በመንገድ ሲያልፍ ሰው ቆሞ እጅ ይነሣዋል።

እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ይባላል፤ ጅራቱን የያዘው እሱ፣ የተንጠለጠልኩት እኔ። በአፌ አንቱ እለዋለሁ። በሆዴ ግን አንተ ነው።

በአሥራ ሰባት ዓመቴ ተዳርኩ፤ አልሆነልኝም፣ ፈታሁ፤ ደብረ ታቦር ገባሁ። አሁን ከጋሳይ ድንች እያመጣሁ ገበያ ላይ እሸጣለሁ። ደህና ነኝ። ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም የምናገረው። እንዲናደድልኝ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የወንድሜ የተስፋነህ ልጅ ትዝታ ደወለችልኝ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ናት። ሰባተኛን ሁለት ጊዜ ነው የተማረችው፤ ሰንፋ አይደለም፣ በየመኸሩ ሁለት ወር ማማ ላይ ስለምትውል ነው። ወንድሜና ሚስቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርደው ቤቱን የሚጠብቁት አባቴ፣ እሷና ታላቅ ወንድሟ ሲሳይ ነበሩ።

"እትዬ፣ ዘንድሮ ዝንጀሮ አልወረደም" አለችኝ።

"እንዴት አልወረደም?"

"ነብር መጥቷል ይላሉ። ቄስ ማሩ ዱካውን ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ አይተዋል። እኔ ከትምህርት ቤት አንድ ቀን አልቀረሁም።"

ድንች ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደንበኞቼ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው እግዜር ያጥናሽ አሉኝ። የመጣልኝ እንጂ የሞተብኝ የለም ብዬ እንዴት ላስረዳቸው? ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከጉና ይሁን ከየት፤ ብቻ መጣ። ለእኔ ሃያ አምስት ዓመት ዘገየ። ለትዝታ ግን ደረሰ።

ደስታዬ ሦስት ሳምንት ቆየ። በኅዳር መጀመሪያ ሲሳይ ገበያ ድረስ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሥራው ጠባብ። ከድንቼ አጠገብ የድንች ዋግ መድኃኒትና የተባይ መርዝ የሚሸጥ ሙሉሐብት የሚባል ነጋዴ አለ። ሲሳይ መጀመሪያ ወደ እሱ ሄዶ አየሁት፤ ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

"እትዬ፣ ሙሉሐብትን ንገሪልኝ።"

"ምን ብዬ?"

"ያንን የውሻ ማጥፊያውን እንዲሰጠኝ። የለኝም፣ ቢኖረኝም ለማላውቀው አልሸጥም አለኝ።"

"ምን ልታደርገው?"

ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለነብሩ ነዋ።"

እንዳላወቀ ሰው፣ "ነብር በጦር አይደለም እንዴ የሚገደለው? አያትህ በጦር አይደል የጣለው?" አልኩት።

ሳቀብኝ። "እሱማ ለሰው የሚወራ ነው። አባባ ሁሉንም ነግሮኛል። ፍየሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ስንት ቦታ እንደሚበጣ፣ ጦሩ መቼ እንደሚወጋ። ለሌላ እንዳትናገር፣ የቤታችን ነው አለኝ።"

የቤታችን። እኔ ለወለደችኝ እናቴ ሳልነግር የቀበርኩትን ነገር አባቴ እንደ ርስት አወረሰው። እኔ ዝም ያልኩት ነውር መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለእሱ ሙያ ነው።

"ስማኝ ሲሳይ" አልኩት። "ያ ነብር ከሞተ ዝንጀሮው ይወርዳል። ዝንጀሮው ከወረደ እህትህ ማማ ላይ ትወጣለች። ስምንተኛንም እንደ ሰባተኛ ሁለቴ ልትማረው ነው?"

"ፍየል እየበላ እኮ ነው፣ እትዬ። የአያ ጌጡንም ውሻ በልቷል።"

"ይብላ። መኸሩን ሙሉ ማሳ ጠብቆ ሁለት ፍየል የበላ ዘበኛ የት ይገኛል? አንተ ምንም ሳትጠብቅ ስንት ትበላለህ?"

ፊቱ ቀላ። "አንቺ ምን ታውቂያለሽ? እሱ ሲያልፍ ሰው ሁሉ አባ ነብሮ ይለዋል። እኔን ሲሳይ ነው የሚሉኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ሲሳይ።"

ጥሎኝ ሄደ። በእጄ የያዝኩትን ድንች ከኋላው ወረወርኩት። ስድስት ዓመት ወንጭፍ የያዘች እጅ አትስትም፤ መሐል ጀርባውን አገኘሁት። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሙሉሐብት እንዳይሰጠው አስማልኩት፤ ነገር ግን መርዝ የሚሸጥ አንድ ሙሉሐብት ብቻ አይደለም።

በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ትዝታ እንደገና ደወለች።

"እትዬ፣ ሲሳይ ፍየል አረደ።"

"ለበዓሉ ነው?"

"አይደለም። ሥጋውን እንዳንነካ ብሎ በጆንያ ይዞት ሄደ። እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ግዳይ ልጥል እችላለሁ እያለ ይፎክራል።"

በጨርቅ ስትለኝ ያቺ ነጭ ፍየሌ ፊቴ ላይ መጣች። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ኅዳር ሚካኤል የዓመቱ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን ስለሆነ ደብረ ታቦር ከዳር እስከ ዳር ጢስ ለብሳ ነበር። ጋሳይ ወርጄ ሽቅብ በእግሬ ያዝኩት። ያን መንገድ በደህና ቀን አንድ ሰዓት ተኩል እሄደዋለሁ፤ ያን ቀን በንዴት ነው የወጣሁት፣ በአንድ ሰዓት ደረስኩ።

ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ነው። አባቴ ጉልበቱን ስለሚያመው ከደጅ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል። ከኋላው በተከፈተው በር ቆዳው ከግድግዳው ላይ ይታያል፤ ጅራቱን አይጥ ከበላው ቆየ። ትዝታ ከጎኑ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታጠናለች።

"አንቺ ልጅ፣ እንኳን አደረሰሽ" አለኝ።

"ለሲሳይ ምን ነው የነገሩት?"

"ምን ነገርኩት?"

"አባዬ፣ ትዝታ ፊት ልናገረው ወይስ እሷን ልላካት?"

አልላክኋትም። ትስማ። ፍየሏን፣ ዱቄቱን፣ ጦሩን፣ አየሽ አላየሁሙን፣ ሁሉንም እዚያው ደጅ ላይ ዘረገፍኩት። ትዝታ ደብተሯን ዘግታ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል።

"ሲሳይ ፍየሉን የት ነው ያስቀመጠው?" አልኩት።

"ያው እዚያው ነው።"

"ከጽዱ ሥር?"

"አዎ።"

"እንግዲህ ይምጡና ለሰው ይንገሩ። ነብር በመርዝ ነው የገደልኩት፣ ገዳይ አይደለሁም ይበሉ። የእርስዎ ስም እስካለ ድረስ ይኸ ልጅ አይተወውም። ዛሬ ቢያቅተው ነገ ይደግመዋል፤ እሱ ቢተው ሌላው አባ ነብሮ ልባል ብሎ ይነሣል።"

"ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ፈንታ። በዚህ ዕድሜዬ ምን ተብዬ ልሙት?"

"እኔስ ምን ተብዬ ልኑር?"

"አንቺማ ምን ሆንሽ? እግዜር ይመስገን ትነግጃለሽ፣ ትበያለሽ።"

ምን ሆንሽ አለኝ። ደሜ ፈላ። እጅጌዬን ሰብስቤ ጠባሳዬን አሳየሁት። "ማማ ላይ ስድስት ዓመት ስውል አንድ ቀን መጥተው አይተውኛል? አንድ ቀን፣ ይቺ ልጅ ትምህርቷ እንዴት ሆነ ብለዋል? አሁን ደግሞ ይቺ አለች። ይዩዋት። እንደ እኔ ልትሆን ነው፤ ፈርደውባታል፣ ፀሐይ እየሞቁ።"

ተነሥቼ ሄድኩ። እሱ ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ ብዬ።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ከግቢው ውጭ ካለው ወይራ ሥር ተቀምጧል። ቄስ ማሩ ስብከታቸውን ገና መጀመራቸው ነበር፤ ነብርና የፍየል ግልገል ጎን ለጎን የሚተኙበት የሰላም ቀን ይመጣል ይላሉ። እኔ ነብርና ፍየል ጎን ለጎን ተኝተው አይቻለሁ፤ ሁለቱም ሞተው ነበር። ከበላይ በኩል ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ ጌጡም አለ። ሲሳይ ጦር ተደግፎ በጓደኞቹ መካከል ቆሟል፣ ወደ ወንዙ ለመውረድ እግሩ እያሳከከው።

ቄሱ እንደጨረሱ መሐል ገብቼ ተናገርኩ። አጭር አድርጌ ነው የተናገርኩት፤ የያኔውንም የአሁኑንም። ፍየሉ ከጽዱ ሥር እንዳለ፣ መርዝ እንዳለበት፣ ውሻም ልጅም እንዳይደርስበት ሰው ልኮ ማንሣት እንዳለባቸው ነገርኳቸው።

መጀመሪያ የሳቀው ሲሳይ ነው። እሱ ሲስቅ ጓደኞቹ ሳቁ። ጌጡ ግን አልሳቀም፤ ተቆጣ። "አንቺ፣ የአባትሽን ስም በአደባባይ? ያንን ቆዳ እኔ በእጄ አብሬ ወጥሬዋለሁ። አንገቱ ላይ የጦር ቀዳዳ አለው።"

"ከሞተ በኋላ ነው የወጋው፣ አያ ጌጡ። ደም አይተው ነበር?"

"ሴት ልጅ ስለ ግዳይ ምን ታውቃለች?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ስለ ዝንጀሮ አውቃለሁ" አልኩ። "እናንተ ገዳይ ስትሉ እኛ ሴቶች ልጆች በየማማው ላይ ቀረን። ከመካከላችሁ ሴት ልጁን ማማ ላይ ያላዋለ ካለ እሱ ይናገረኝ።"

ወንዶቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ተቀመጪ ይሉኛል። ፈት ሴት፣ ከተማ ያበላሻት ይሉኛል። ቄስ ማሩ እጃቸውን አንሥተው ሊያስታርቁ ሞከሩ፤ ጩኸቱ ዋጣቸው። ቆሜያለሁ፣ ምን ላድርግ? ራሴ ሄጄ ላነሣው ብዬ ዞር ስል ትዝታን አየኋት። በአቀበቱ እየሮጠች ትመጣለች። ከኋላዋ፣ ቀስ እያለ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ፣ አባቴ።

ትከሻው ላይ ነብሩን ተሸክሟል። ለአፍታ ነብሩ ሞቷል አልኩ። ቀረብ ሲል ግን የግድግዳው ቆዳ መሆኑን አወቅሁ፣ ጅራቱን አይጥ የበላው። በውስጡ የተጠቀለለ ነገር አለ። እጁ በነጠላው ጫፍ ተጠቅልሏል።

ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት። አባ ነብሮ ቆዳውን ይዞ መጣ፣ ሊፎክር ነው፣ ልጁን ሊያሳፍራት ነው ያሉ ነበሩ፤ ጌጡ እንዲያውም እልል በሉ ብሎ ወደ ሴቶቹ ዞሮ ነበር። አባቴ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ። ያኔ በ85 የቆመበት ቦታ ነው። ከትከሻው አውርዶ እግራቸው ሥር ጣለው። ቆዳው ሲዘረጋ የታረደው ፍየል ከውስጡ ተንከባለለ። ሥጋው በየቦታው ተበጥቷል፤ ነጩ ዱቄት ይታያል። የጎደለ ነገር የለበትም።

"ግዳዬ ይኸው" አለ። አልፎከረም፤ እንደ ምስክር ነው የተናገረው። "በ85 ነብሩን የገደለው ፍየል ነው። እንዲህ ያለ ፍየል። እኔ ሬሳ ነው የወጋሁት። ፈንታ አይታለች፤ አላየሁም እንድትል ያደረግኋት እኔ ነኝ። ይኸን ልጅም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ነብሩ ገና አልነካውም፤ ሁለት ቁራዎች ግን ከአጠገቡ ሞተዋል። እሳት አንድዱና አቃጥሉት፣ እጃችሁን እንዳታስነኩ።"

"ሞገስ፣ አሞሃል እንዴ?" አለ ጌጡ።

"ተቀመጥ፣ ጌጡ።"

ከወንዶቹ መካከል አንዱ ቀስ ብሎ "ጥንብ ጎታች" ሲል ሁላችንም ሰማን። አባቴም ሰማ። ሲሳይ ጦሩን ከወይራው ግንድ ላይ አስደግፎ ማንንም ሳያይ በቁልቁለቱ ወረደ። ከሳምንት በኋላ መተማ አባቱ ዘንድ መግባቱን ሰማን። ሴቶቹ ለኅዳር ሚካኤል የተከመረውን ቆሻሻ በእንጨት እየገፉ አመጡና ፍየሉንም ቆዳውንም በላዩ ላይ አድርገው ለኮሱት። የጸጉሩ ሽታ እስከ ገደሉ ድረስ ወረደ።

ሰው ደስ ብሎሽ ይሆናል ይለኛል። ደስ አላለኝም። ንዴቴ እንዲያውም ባሰ። ከቤታችን እስከ ጽዱ፣ ከጽዱ እስከ ወይራው፣ አንካሳ ሽማግሌ ሄዶ የሚመጣው በአንድ ሰዓት ነው። ሃያ አምስት ዓመት የጠበቅሁት ነገር አንድ ሰዓት ብቻ ነበር የሚፈጀው።

ገብሱ ያን ዓመት ያለ ጠባቂ ታጨደ። ዝንጀሮ አልወረደም፤ ስለዚህ ነብሩ አለ ማለት ነው። እኔ አላየሁትም፣ ማየትም አልፈልግም። ጌጡ ሌላ ፍየል ተበልቶበት ሲራገም ከርሟል፤ ሰርግ ላይ አባቴን አጠገቡ አያስቀምጠውም። ልጆቹ ዘፈኑን አልተዉትም፣ ግን ቃሉን ለውጠው በአባቴ ይስቁበታል። ትዝታ በሰኔ የስምንተኛን ፈተና አለፈች፤ አሁን ደብረ ታቦር ከእኔ ጋር ናት።

ያን ቀን ከእሳቱ በኋላ አባቴን ደግፌ ወደ ቤት ወሰድኩት። ሌላ ማንም አልደገፈውም። ደጅ ላይ አስቀምጬ እጁን እንዲታጠብ ውኃ በማሰሮ አመጣሁ። ሳፈስለት ቀና ብሎ አየኝ።

"ያኔ ስንተኛ ክፍል ነበርሽ?" አለኝ።

ማሰሮውን ልወረውረው ፈልጌ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አያውቀውም ነበር።

"አራተኛ" አልኩት።

"ትምህርቱ ይገባሽ ነበር?"

"ይገባኝ ነበር።"

ራሱን ነቀነቀና እጆቹን ዘረጋልኝ። "አመድ ጨምሪበት፤ ይኸ በውኃ ብቻ አይለቅም" አለኝ። ገብቼ አመድ አመጣሁና ጨመርኩለት።